ለአባቴና ለልጆቼ የሚሆን የቤት ዴስክቶፕ ልገዛ ነው፤ ወሎ ያላችሁ ምከሩኝ

ከጦሳ ሥር
ኅዳር 7፣ 2018

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። የምኖረው ደሴ ነው። የሙአለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ማብራትና ማጥፋት፣ ወርድ ላይም ትንሽ መጻፍ ነው። አሁን ለቤታችን ዴስክቶፕ ልገዛ ወስኛለሁ። ሁለት ዓመት ጥዬ የደረሰኝ የዕቁብ ብር ነው፤ ስለዚህ መሳሳት አልፈልግም።

ለምን እንደፈለግሁት ልንገራችሁ፤ ምክራችሁ በዚያ ልክ እንዲሆን። ትልቋ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ማውስ እንኳ ሳትለምድ ፈተና ክፍል እንዳትገባ እሰጋለሁ። ሁለት ታናናሾችም አሏት። ከሁሉም በላይ ግን አባቴ አሉ። 74 ዓመታቸው ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙትን መንዙማ በደብተር ሲጽፉ ኖረዋል። 11 ደብተር ሆኗል። ግማሹ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ግማሹ በእኛው ፊደል። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ሁለቱ ደብተሮች ረጠቡ፤ ቀለሙ ተላቀቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ «ይህን ነገር ሳልሞት ኮምፒውተር ላይ አስገቡልኝ» ይላሉ። ራሳቸው ናቸው መጻፍ የሚፈልጉት።

ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ሱቅ ዞሬያለሁ። አንዱ «ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ከዚህ በላይ የለም» አለኝ። ሌላው «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ብሎ ከመጀመሪያው በጣም የሚበልጥ ዋጋ ጠራልኝ። ሰባት ከአምስት አይበልጥም ወይ? ሁለቱም «ስላይትሊ ዩዝድ» ናቸው። አዲሱማ ከአቅሜ በላይ ነው። ላፕቶፕ አልፈልግም። ላፕቶፕ ከቤት ይወጣል፣ ይወድቃል፤ አባቴም ፊደሉ አይታያቸውም።

እንደ እህታችሁ ቆጥራችሁ «አንቺ» እያላችሁ ምከሩኝ።

---

ጠጋኙ ኮምቦልቻ
ኅዳር 7፣ 2018

አብሽሪ እህቴ። እዚህ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል። ሰው ከሁሉ በላይ የሚሸወደው በዚችው በአምስትና በሰባት ነው።

አምስትና ሰባት ደረጃ ናቸው እንጂ ዕድሜ አይደሉም። ዕድሜውን የሚነግርሽ ስሙ ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ጀነሬሽን ይሉታል። «አይ ሰቨን 2600» ቢልሽ የመጀመሪያዋ 2 ሁለተኛ ጀነሬሽን ማለት ናት። ይህ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የወጣው በፈረንጅ 2011 ነው፤ ልጅሽ ገና አፏን ስትፈታ። «አይ ፋይቭ 8500» ቢልሽ ደግሞ ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፤ በፈረንጅ 2018 የወጣ። የፊተኛው 4 ኮር አለው፣ የኋለኛው 6። ኮር ማለት የሚሠራ እጅ በይው። ስለዚህ ይህ አምስት ያንን ሰባት ያስከነዳዋል። ቁጥሩ እንደ 10400 ወይም 12400 አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንብቢ፤ አሥረኛ፣ አሥራ ሁለተኛ።

እኔ 8ኛ ላይ ሙጭጭ የምልበት ምክንያት አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አይተውም፤ የደኅንነት ማሻሻያው ግን እንደ ድሮው አይመጣለትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። በጉልበት የሚጭኑልሽ አሉ። እኔ ለሰው አልጭንም፤ ነገ ማሻሻያ ሲመጣ ለሚሆነው ዋስ መሆን አልችልም።

ያገለገለ ከሆነ ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የወጡትን ፈልጊ። ለቢሮ የተሠሩ ናቸው፤ ጠንካሮች ናቸው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060፣ 5060 ወይም 7060። ኤችፒ ከሆነ ፕሮዴስክ 600 ጂ4 ወይም ኤሊትዴስክ 800 ጂ4። ሌኖቮ ከሆነ ቲንክሴንተር ኤም720 ወይም ኤም920። እነዚህ ሁሉ የ8ኛው ዘመን ናቸው። የሞዴል ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ብቻ ግን አትመኚ። ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚባል አለ። አንዱ በፈረንጅ 2012 የወጣ ባለ 3ኛ ጀነሬሽን ነው፤ በ2023 ደግሞ ያንኑ ስም ይዞ ባለ 13ኛ ጀነሬሽን ወጥቷል። ስሙ አንድ፣ ዕቃው የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ። ስለዚህ ሁልጊዜ ፕሮሰሰሩን ጠይቂ።

ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ 8 ጊጋ ይበቃሻል፤ 16 ብታገኚ አትጥይው። ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ የግድ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ይሁን። 256 ጊጋ ለእናንተ ሥራ በቂ ነው።

---

ሐይቅ ዳር
ኅዳር 7፣ 2018

ወንድማችን ስለ ኤስኤስዲ በአንድ መስመር አለፈው፤ እኔ ግን ላሰምርበት። ሳላውቅ የገዛሁ ነኝ።

ያችኑ «አይ ሰቨን» ብለውኝ ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። ቤት ወስጄ ስከፍታት እስክትነሳ ቡና ይፈላል። ክሮም ስነካ ትቆማለች፤ ወርድ ስነካ ትቆማለች። ሚስቴ የወረዳ ጤና ጣቢያ ሪፖርት ትሠራባታለች ብዬ ነበር የገዛሁት፤ ስትበሳጭ ባየሁ ቁጥር አፈርኩ። በኋላ አንድ ልጅ ከፍቶ ሲያየው 2ኛ ጀነሬሽን ሆነ። ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። በኤስኤስዲ ቀየረልኝ። ያቺው ማሽን ከደቂቃ በታች መነሳት ጀመረች። ሌላ ምንም አልተነካም።

የሚሽከረከረው ዲስክ ውስጡ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌና ሳህን አለው። መርፌው ፋይሉን ፍለጋ ሲመላለስ ነው የሚያዘገየው። መብራት ድንገት ሲሄድም ይጎዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም።

እህቴ፣ በሃርድ ዲስክ ላይ «1 ቴራ ነው» ቢሉሽ አትጓጊ። 256 ኤስኤስዲ ይበልጥብሻል። መንዙማ ስንት ቦታ ይፈጃል? 11 ደብተር ጽሑፍ ከአንድ ዘፈን ክሊፕ ያንሳል።

---

የከሚሴ ነጋዴ
ኅዳር 8፣ 2018

ሁላችሁም ስለ ማሽኑ ታወራላችሁ። መብራቱስ? እኔ ጋ በቀን ስንቴ እንደሚሄድ እኔ ነኝ የማውቀው። ዴስክቶፕ መብራት ሲሄድ ድርግም ነው። የጻፉት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። 74 ዓመት አባት ሁለት ሰዓት የለቀሙትን ፊደል አንድ ቀን ቢያጡት፣ ሁለተኛ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ ወይ? ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ትልቅ ሞኒተር ከኋላው ሰክተሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፤ ዴስክቶፕ ሆነ ማለት ነው። እኔ ሱቄ ውስጥ የማደርገው እንዲህ ነው።

---

ጠጋኙ ኮምቦልቻ
ኅዳር 8፣ 2018

የከሚሴው ወንድሜ ያነሳው ነገር እውነት ነው፤ እኔ ቀድሜ ማንሳት ነበረብኝ። ግን ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ የሚሞተው ባትሪው ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ ያው እንደ ዴስክቶፕ ድርግም ይላል። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ከፈሰሰ ደግሞ ዋናው ቦርድ ድረስ ይዘልቃል። የዴስክቶፕ ኪቦርድ ሻይ ቢፈስበት አውጥቶ ሌላ መሰካት ነው። ሦስት ልጅ ባለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከብሩ ላይ ለዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለሚያቆየው ዕቃ፣ የሚሆን አስቀድመሽ ቀንሺ። «ሲተርፍ እገዛለሁ» ካልሽ አትገዢውም። 650 ቪኤ የሚለው ለአንድ የቤት ኮምፒውተርና ሞኒተር ይበቃል። የሚሰጥሽ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ሥራ ቀጥይበት ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሲጮህ ጽሑፉን ሴቭ አድርገሽ በሥርዓቱ እንድታጠፊ ነው። ውስጡ ያለው ባትሪ በጥቂት ዓመት ይደክማል፤ ባትሪው ብቻ ይቀየራል። ያገለገለ ዩፒኤስ አትግዢ። ፕሪንተርም አትሰኪበት።

መብራት ሲሄድ ሌላም ነገር ልመዱ። ሶኬቱን ንቀሉ። እኔ ጋ ተቃጥለው ከሚመጡት ብዙዎቹ የተቃጠሉት መብራት ሲመጣ ነው እንጂ ሲሄድ አይደለም። ሲመለስ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣል። ተራ ዲቫይደር ከዚህ አያድንም።

ሌላ የምመክርሽ ዓይነት አለ። ማይክሮ ወይም ታይኒ የሚባል፣ የመጽሐፍ ያህል ትንሽ ዴስክቶፕ። መብራት የሚወስደው በላፕቶፕ ዓይነት ቻርጀር ነው። ትልልቆቹ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ችግር ነው፤ ቅርጹም ገመዱም የራሳቸው ስለሆነ ከገበያ ያገኘሽው አይገጥምም። እዚህ አካባቢ ለአንድ ፓወር ሰፕላይ አዲስ አበባ ድረስ የላኩ ደንበኞች አሉኝ። የማይክሮው ቻርጀር ግን ቮልቱና ዋቱ ከተመሳሰለ፣ ጫፉም ከገጠመ በቀላሉ ይተካል። የሚያንሰው ነገር፣ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ነገር መጨመር አይቻልም። እናንተ ግን የምትጨምሩት የለም።

---

የቦሩ ሜዳ ልጅ
ኅዳር 8፣ 2018

ለምን ሁላችሁም ዊንዶውስ ላይ ትቆማላችሁ? 4ኛ ጀነሬሽን ማሽን በርካሽ ገዝታ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት ብትጭንበት እኮ ብሯ ይተርፋል። ነጻ ነው፤ ማሻሻያው ይመጣል። ሊብሬኦፊስ ወርድን ይተካል። አማርኛም ይጻፍበታል። እኔ እህቴ ቤት ጭኜ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን አልተበላሸም።

---

ጥቁር ሰሌዳ ወልድያ
ኅዳር 8፣ 2018

የቦሩ ሜዳው ልጅ ያለው ለራሱ ቤት ትክክል ነው። እሱ አለና። እሷ ቤት ግን ማን አለ? አንድ ነገር ሲጠፋት የምትጠይቀው ጎረቤት፣ የምትወስድበት ጠጋኝ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት የምታየው ማሽን፣ ሁሉም ዊንዶውስ ነው። እኔ የኮምፒውተር መምህር ነኝ፤ ሊኑክስንም እወደዋለሁ። ለጀማሪ ቤት ግን አጠገቡ ያለ ሰው የሚያውቀው ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ ፈተናው አንድ ነገር ልበል። ልጆች የሚያቅታቸው ጥያቄው ብቻ አይደለም። ማውስ ይዞ ማንሸራተት፣ ረጅም ምንባብ ስክሪን ላይ እያነበቡ ወደ ጥያቄው መመለስ፣ ሰዓቱን ስክሪኑ ጥግ ላይ መከታተል ነው። ወረቀት ላይ የለመደ ዓይን ስክሪን ላይ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ልጅሽ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በፒዲኤፍ ከፍታ ስክሪን ላይ እያነበበች መልሱን በወረቀት ትሥራ። በቀን ግማሽ ሰዓት። ለዚህ ምንም ልዩ ማሽን አያስፈልግም።

ኮምፒውተሩን ሳሎን አስቀምጪው። መኝታ ቤት አይግባ። ሦስቱም በየተራ ሲጠቀሙ ሁሉም ያያል።

---

ከጦሳ ሥር
ኅዳር 8፣ 2018

አላህ ይስጣችሁ ወገኖቼ። ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን ቢያንስ ምን እንደምጠይቅ አውቄያለሁ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ወደዚያ ሱቅ ተመልሼ «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ስለው ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ያቺ ሰባት 3ኛ ሆነች።

የቀረኝ የአባቴ ነገር ነው። ዓይናቸው ደክሟል። ፊደሉንስ እንዴት ነው የሚለቅሙት? ኪቦርዱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እንግሊዝኛ አያነቡም።

---

ፊደል ለቃሚ
ኅዳር 9፣ 2018

ልጄ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። በታይፕ መኪና ጀምሬ በኮምፒውተር ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። ይህ የእኔ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ኮምፒውተር እስክትገዢ አትጠብቂ። ነገ ጠዋት ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ ቁጭ በይና 11ዱንም ደብተር፣ በተለይ የረጠቡትን ሁለቱን፣ ገጽ በገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ብልጭታውን አጥፊው፤ ወረቀቱ ላይ ያንጸባርቃል። ከላይ ቀጥ ብለሽ አንሺ። ከዚያ በቴሌግራም ለራስሽ ላኪው። ስትልኪ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይሁን፤ በፎቶ ከላክሽው ያሳንሰዋል፤ ደቃቁ ጽሕፈት ይደበዝዛል። ቀለም አንዴ መላቀቅ ከጀመረ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። አባትሽ መተየቡን በዓመትም ይጨርሱት፤ ፎቶው ግን ነገ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ፊደሉ። ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የሚጻፍበት መንገድ ብዙ ነው። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ከቅንብሩ ውስጥ ቋንቋ ጨምሪ ብለሽ ታስገቢዋለሽ። ፓወር ግዕዝ የለመደ ሰው ብዙ ነው። ኪማን የሚባልም አለ፤ በነጻ ይገኛል፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። በድምፅ ነው የሚሠራው። የ«ስ» ድምፅ ያለውን ቁልፍ ብቻ ሲጫኑ ስ ይጻፋል፤ ቀጥሎ የአናባቢውን ቁልፍ ሲጫኑ ሱ፣ ሲ፣ ሳ እያለ ይቀየራል። አባትሽ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልጋቸውም። በየቁልፉ ላይ «ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ» የሚል ትንሽ ወረቀት ለጥፊላቸው። እኔ ለአንዲት እናት በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፌ ለጥፌላቸው፣ በሁለት ሳምንት ሳያዩ መጻፍ ጀምረዋል።

አንድ ነገር ግን አደራሽን። ጽሑፉ በዩኒኮድ ይሁን፤ የየአገሩ ፊደል የራሱ ቦታ ያለው የጋራ ሥርዓት ነው። የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ ነበር የሚሥሉት። በዚያ የተጻፈ ነገር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ የሰው ግጥም፣ የዕድር መዝገብ በዚህ ምክንያት ሳይነበብ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው። በእሱ የተጻፈ በስልክም በኮምፒውተርም ያው ሆኖ ይነበባል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ከጻፉት ላይ አንድ መስመር ቆርጠሽ ስልክሽ ላይ ላኪው። አማርኛ ሆኖ ከታየ ደኅና ነው።

በዐረብኛ ፊደል ያለውንም እንዳለ ማስገባት ይቻላል። ዊንዶውስ የዐረብኛ ኪቦርድ አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጭናችሁ ዊንዶውስ የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስ ስትነኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀያየራል። እባክሽ ሁሉንም ወደ ግዕዝ ፊደል ብቻ አታዙሩት። የወሎ ሼሆች አማርኛን በዚያ ፊደል መጻፋቸው ራሱ ቅርስ ነው።

ለዓይናቸው፣ ሞኒተሩ 24 ኢንች ይሁን። ገጹን 150 ከመቶ አስፉት። የወርዱን ፊደል 20 አድርጉት። ሲታተም ማሳነስ ይቻላል።

---

አዲስ አበባ ያለሁ ወሎዬ
ኅዳር 9፣ 2018

እትዬ ፊደል ለቃሚ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።

እታለም፣ አዲስ አበባ ምርጫው ይሰፋል፤ ዋጋውም አንዳንዴ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ሂድና ግዛልኝ ይለኛል፤ ገዝቼም ልኬያለሁ። ግን 400 ኪሎ ሜትር ነው። ባለፈው ለአክስቴ የላክሁት ሞኒተር መኪና ላይ ተሰነጠቀ፤ ማንም ኃላፊነት አልወሰደም። ማሽኑም ቢበላሽ ዋስትናው ያለው አዲስ አበባ ነው። ለመመለስ የምታወጪው ያተረፍሽውን ይበላዋል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እዚያው ደሴ ግዢ። ደረሰኝ ላይ የማሽኑን ሴሪያል ቁጥርና የዋስትናውን ጊዜ አጽፊ። በቃል የተሰጠ ዋስትና ችግር ሲመጣ የለም።

---

ጠጋኙ ኮምቦልቻ
ኅዳር 9፣ 2018

ልትገዢ ስትሄጂ ምን እንደምታይ ልንገርሽ። ልጅሽንም ይዘሽ ሂጂ።

ማሽኑን አስከፍቺ። ሲከፈት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስቱን አንድ ላይ ተጫኚ። የሚመጣው ሰሌዳ ላይ «ፐርፎርማንስ» የሚል አለ። እሱን ስትነኪ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ ራሙን፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ ወይም ሃርድ ዲስክ መሆኑን ራሱ ጽፎ ያሳይሻል። ሻጩ አያስፈልግም። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ተለጣፊ አትመኚ፤ ተለጣፊ ይነቀላል፣ ይለጠፋል። ዴል ከሆነ ሣጥኑ ላይ ሰርቪስ ታግ የሚባል 7 ፊደልና ቁጥር አለ። የዴል ድረ ገጽ ላይ በስልክሽ ብታስገቢው ማሽኑ የትኛው ሞዴል እንደሆነ ይነግርሻል።

ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ዩቲዩብ ክፈቺበት። የኋላውን ነፋስ በእጅሽ ዳብሺ፤ ለብ ያለ ደኅና ነው። ፋኑ እንደ አውሮፕላን ከጮኸ ተዪው። ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ በፍላሽ ሞክሪ። አጥፍተሽ ሶኬቱን ንቀይ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ አብሪው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ከሄደ ውስጡ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ሞታለች። ሲአር 2032 ትባላለች። ርካሽ ናት፤ ይቀይሩልሽ። ካልተቀየረች ቀኑ በተሳሳተ ቁጥር ድረ ገጾች አልከፈትም ይላሉ፤ ሰውም ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብሎ ሲደክም ይውላል።

ትልቁን ዓይነት ከመረጥሽ ከኋላ ገመዱ አጠገብ ቀይ ማብሪያ ካለ አስተውዪ። 115 እና 230 ይላል። የእኛ አገር መብራት 220 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ አንዴ ጧ ይላል፤ አለቀ። ማብሪያው ከሌለ ራሱ የሚያስተካክል ሊሆን ይችላል፤ ተለጣፊው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ፈልጊ።

የገመዱን ነገር አትርሺ። ብዙዎቹ የቢሮ ማሽኖች ምስል የሚያወጡት ዲስፕሌይፖርት በሚባል ቀዳዳ ነው። የእኛ ሞኒተሮች ኤችዲኤምአይ ወይም ቪጂኤ ናቸው። የሚያገናኘውን ገመድ እዚያው ሱቁ ያቅርብልሽ፤ ሞኒተሩንም እዚያው አብርተሽ ተረከቢ። ዋይፋይም ብዙዎቹ የላቸውም። ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ትሰካለች። እስከዚያው ስልክሽን በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተሽ በስልክሽ ዳታ መጠቀም ትችያለሽ። ካሜራም የለውም። የቪዲዮ ጥሪ ከፈለጋችሁ ለብቻው ይገዛል።

---

ከጦሳ ሥር
ኅዳር 15፣ 2018

ወገኖቼ፣ ገዛሁ!

ሌኖቮ ኤም720 ትንሿ ዓይነት ነው። 8ኛ ጀነሬሽን አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ። ዊንዶውስ 11 በይፋ ተቀብሎታል። ሞኒተሩ 24 ኢንች፣ ያገለገለ ነው። ዩፒኤሱ አዲስ ነው። አራተኛው ሱቅ ላይ ነው ያገኘሁት። ልጄ ሦስቱን ቁልፍ ስትጫን ባለሱቁ «ማን አስተማረሽ?» አላት። ደረሰኙ ላይ ሴሪያል ቁጥሩን አስጽፌያለሁ፤ የሦስት ወር ዋስትና። ዋጋውን ያልጻፍኩት ሳምንት በሳምንት ስለሚለዋወጥ ነው፤ የምትገዙ ሰዎች ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ።

የደብተሮቹን ፎቶ በሁለት ቀን ጨረስኩ። 900 ገጽ ገደማ ነው። ከረጠቡት ላይ ጥቂት ገጽ አልተነበበም። አባቴ ግን ፎቶውን ትልቁ ሞኒተር ላይ አስፍቼ ሳሳያቸው፣ ከጠፉት መስመሮች ብዙውን በቃላቸው አሉልኝ። እኔ ቶሎ ቶሎ በወረቀት ጻፍኩ። ይህን ፎቶ ባላነሳ ኖሮ አንጠይቃቸውም ነበር።

እትዬ፣ ነጩን ፕላስተር ለጥፌላቸዋለሁ። ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀምጠው እስከ መግሪብ አራት መስመር ጻፉ። «ሼህ» የሚለውን ለመጻፍ ሼን ሲፈልጉ ቆዩ፤ ልጄ ልታግዛቸው ስትል «ተዪኝ» አሏት።

አንድ ጥያቄ ብቻ። እናቴ ኮምፒውተሩ ላይ ዳንቴል አልብሳለታለች፤ ቆንጆ ሆኗል። ይጎዳዋል?

---

ጠጋኙ ኮምቦልቻ
ኅዳር 15፣ 2018

እንኳን ደስ ያለሽ! ጥሩ ዕቃ ነው የያዝሽው።

ዳንቴሉ ሲጠፋ ይልበስ፤ ከአቧራ ያድነዋል። ሲበራ ይውለቅ። የደሴ ብርድ አያታልላችሁ፤ ውስጡ ይሞቃል። ወለል ላይም አታስቀምጡት፤ ሲጠረግ አቧራውን ይስበዋል። በክረምት ጭጋጉ ቤት ሲገባ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉት።

---

ፊደል ለቃሚ
ኅዳር 16፣ 2018

ልጄ፣ ለ«ሼ» በሸ ቁልፍ ጀምረው የአናባቢውን ይጨምሩ። ትንሽ ወረቀት ላይ ከሀ እስከ ፐ ከነቁልፉ ጽፌ እዚህ ፎቶውን እለጥፍላቸዋለሁ፤ ሞኒተሩ ጎን ስቀይላቸው። አንድ ልምድ ብቻ አስይዣቸው። በየመስመሩ መጨረሻ ኮንትሮል ይዘው የኤስን ቁልፍ ይንኩ። ሁልጊዜ። ሳምንት በሳምንት ደግሞ ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጪው፤ አንዱን ፍላሽ ዘመድ ቤት አስቀምጪ።

---

ከጦሳ ሥር
ኅዳር 19፣ 2018

እትዬ፣ ሠንጠረዡን አሳትሜ ሰቅያለሁ። አንዱን ፍላሽ ወንድሜ ሐይቅ ወስዶታል።

ዛሬ ከሰዓት እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ሲጮህ ሮጬ ገባሁ። አባቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ስክሪኑ ጠፍቷል። «አባባ፣ ጠፋ?» ስላቸው «አይ፣ አስቀምጬ ነው ያጠፋሁት» አሉኝ። ሶኬቱንም ነቅለውታል። መብራት ሲመጣ ከፍቼ አየሁት፤ 31ኛው መስመር ላይ ናቸው።